ጋሽ ገብረወልድ ስም ያልሰጡት ጭፈራ

ጋሼ፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ ላይ ተራው የእኔ ነው። እጅዎን ቢያወጡም ዕድል አልሰጥም!

ባልደረቦቼ፣ ጋሽ ገብረወልድ የአማርኛ መምህር ሆነው ከጮሌ ወረዳ ተዛውረው እዚህ ትምህርት ቤት የመጡ ዕለት እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ ለባህል ክበብ የጠሩት አሠልጣኝ የመጣ መሰላቸውና ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ እኛ ወዳለንበት ክፍል አስገቧቸው። "ልጆቹን ውዝዋዜ ያሳዩልን" ብለው ሄዱ። እኛ ወገባችንን ይዘን ተሰልፈናል። ጋሼ ምን አደረጉ? ጠመኔ አነሡ! "ወዘወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ውዝዋዜ" እያሉ ሲጽፉ ደወል ተደወለ። እኔም ወገቤን እንደያዝኩ ቤቴ ገባሁ።

ትስቃላችሁ አይደል? እናንተንስ መቼ ማሯችሁ! ምሳ ላይ "ዘፈን" የሚል ቃል ካመለጠን አለቀልን። "በግዕዝ ዘፈነ ማለት እኮ ጨፈረ ነው። አማርኛ ከእግር አንሥቶ አፍ ላይ አወጣው።" ነቢላ ደግሞ ነገር ፍለጋ "ሲርባስ፣ ጋሼ?" ትላለች። "ኦሮምኛውማ ብልህ ነው፤ ዘፈኑንም ጭፈራውንም በአንድ ስም ጠራቸው!" በቃ፣ ወጡ ይበርዳል። የስፖርት መምህራችን ይስሃቅ "ጋሼ ያሉበት ሠርግ ላይ የሚደክመው ጉልበት ሳይሆን ጆሮ ነው" ያለው እውነቱን ነው።

አንድ ቀን "እስክስታስ ከየት መጣ?" አልኳቸው። "ብዙ ይባላል። እኔ ግን አላውቅም" አሉኝ። መምህር ተማሪው ፊት አላውቅም ሲል እንደማያንስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ሠርጌን ላንሣ። አባቴን አቶ ለታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የዲክሲስ ሰው፣ ጸሎተኛ፣ በግቢው ዘፈን የማያሰማ። የባሌ የዘሪሁን ወገኖች ደግሞ ከበሮ ይዘው እየጨፈሩ መጡ። አባቴ በሩን ዘጋ። እነሱ የሠርግ ወግ መሰላቸውና ከበሮውን አጠበቁት። አባቴ ግን የምሩን ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ሽማግሌዎቹ ተቀየሙ፣ "እንመለስ" ተባለ። እኔ በቬሎዬ ውስጥ ሆኜ አለቅሳለሁ።

ያኔ ጋሼ ብድግ አሉ። ሁላችንም "አሁን ደግሞ የቃሉን ምንጭ ሊነግሩን ነው" ብለን ተሳቀቅን። እሳቸው ግን አባቴን፣ "አቶ ለታ፣ ፈናን የተወለደች ዕለት ምን አደረጉ?" አሉት።

አባቴ ከበሩ ወደ እሳቸው ዞረ። "ዋቃ ያውቃል፣ ዘለልኩ" አለ።

"ዘፈን ነበር?"

"ኧረ በፍጹም! ደስታ ነው እንጂ።"

"እንግዲያው ዛሬም ስም አንስጠው" አሉና እጃቸውን ዘረጉለት።

ለነገር ሁሉ ስም የሚያወጡት ሰው! በሠርግ ሁሉ ቆመው የሚያዩት ጋሼ ከአባቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እንዳልለመደ ሰው እየተደናቀፉ፣ እየዘለሉ በሩ ድረስ ሄዱ። በሩን የከፈተው አባቴ ራሱ ነው። ጋሼ፣ አባቴ ዛሬ የለም። እስኪሞት ድረስ ግን ያቺን ቀን ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር። ትዳሬን ከአባቴ ምርቃት ጋር ያገኘሁት በእርስዎ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት መሳቢያዎን ሲያጸዱ፣ "ፈናን፣ ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?" አሉኝ። ባለቤትዎ እማማ አባይነሽ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር እንዳለብዎት አውቃለሁ። ክፍለ ጊዜ አለኝ ብዬ ወጣሁ፤ ሳምንቱን ሙሉም ሲከነክነኝ ከረመ። አሁን ልመልስልዎት። አባቴ እጅዎን ሲይዝ ምንም አልጠየቀዎትም። እኛም የምንወድዎት ለዕውቀትዎ ብለን አይደለም። የእሁድ ምሳ ከእንግዲህ እኛ ቤት ነው። ማንም ምንም አይጠይቅዎትም፤ ብቻ ይምጡልን።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ! የእኔ አምቦ ውሃ ነው፣ የእናንተን አላየሁም። ጋሼ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ደጅዎ ሰው አይጣ። ዘሪሁን እሁድ መጥቶ ይወስድዎታል፤ እምቢ ካሉም ሁላችንም እንመጣለን። ለጋሼ!