መብራት ሲጠፋ "ተመስገን" የምለው እኔ

ለቡ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የሰማይ ፎቶ አነሳለሁ፤ ኔቡላ የሚባለውን፣ ከከዋክብት መሀል እንደ ጭስ የተበተነውን ነገር። የሰፈሩ መብራት በርቶ ግን ሰማዩ አጓት ነው የሚመስለው፤ ምንም አይታይም። ስለዚህ መብራቱ ድርግም ሲል "ተመስገን!" ብዬ ካሜራዬን፣ የመኪና ባትሪዬንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ኢንቨርተሬን ተሸክሜ ወደ ሕንፃችን ጣሪያ እሮጣለሁ።

ያን ምሽትም ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ፎቶ ጀምሬ፣ ደመና መጣ አልመጣ እያልኩ ስቁነጠነጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ እያለከለከች ወጣች። "ባትሪህን ስጠኝ!" አለች። "ፎቶው ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ጠብቂኝ" አልኳት። "የእማዬ የኦክስጅን ማሽን ቆሟል፤ መጠባበቂያው ሲሊንደርም አልቋል።" የካሜራውን ገመድ ነቅዬ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ታቅፌ ወረድኩ። ደረጃው ላይ "ባትሪ እንዳለኝ በምን አወቅሽ?" ብላት፣ "መብራት በጠፋ ቁጥር ተሸክመኸው 'ተመስገን' እያልክ በበራችን ታልፍ የለ እንዴ?" አለችኝ።

ማሽኑ ተነሳ፤ እናትየው እንደ ልብ መተንፈስ ጀመሩ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ባትሪው ቢያልቅስ? እነሳለሁ፣ የባትሪውን ጠቋሚ አያለሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ሰማዩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም፤ እኔ ግን የማየው የመንገዱን መብራት ፖል ነበር። በመጨረሻ አምፖሉ ቦግ አለ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ከየበረንዳው "መጣ!" ብለው ሲጮኹ፣ ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ስራገም የኖርኩት ሰውዬ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።