ትሪው ላይ የነበሩት አምስት ስሪንጆች

ምስክር፦ የወንዶች ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርስ፣ ዕድሜ 51
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ
ቃል የተሰጠበት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ቃሌን የምሰጠው ዛሬ ጠዋት በሐኪሙ ላይ ስለደረሰው ድብደባ ነው። አልጋ ቁጥር 4 ላይ የተኙት አዛውንት የጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኛ ናቸው። ታላቅ ልጃቸው አስተማሪ፣ ታናሹ በያጅ ነው። አዛውንቱ ከሳምንት ወዲህ ሐኪሙን «ልጄ፣ በቃኝ፣ ገላግለኝ» እያሉ ሲለምኑ ታላቁም አብሮ ይለምናል። ሐኪሙ ግን «አባቴ፣ ሕመሙን አስታግሳለሁ እንጂ እርስዎን አልገድልም» ብሎ በእኔ ፊት እምቢ ብሏል። ታናሹ ይህን አልሰማም፤ የሰማው የወንድሙን ልመና ብቻ ነው።

የአዛውንቱን የቀኑን ማስታገሻ ሞርፊን፣ በየተወሰነ ሰዓት አንድ አንድ የሚወጋውን፣ ጠዋት በአንድ ጊዜ በአምስት ስሪንጅ ቀድቼ ትሪ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ለሠላሳ ሁለት ሕመምተኛ ሁለት ነርስ ሆነን ምን ላድርግ? ደንቡን ያወጣው ሰው መጥቶ ይሥራበት።

ከጠዋቱ 4፡10 ላይ ሐኪሙ ትሪውን ተቀብሎኝ የመጀመሪያውን ሊወጋ ሲያጎነብስ ታናሹ ገባ። አምስቱን አይቶ «አባቴን ልትገድለው ነው!» አለና በግሉኮስ ማንጠልጠያው ብረት ፊቱን መታው። በወደቀበትም ደጋገመው፤ ጥርሱ ሲረግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ታላቁ ሊይዘው ቢገባ ክንዱን ሰበረው። አስታማሚዎቹ ገሚሱ «ገዳይ ሐኪም፣ በለው!»፣ ገሚሱ «ሰውየውስ ቢያርፉ ምን አለበት?» እያሉ እርስ በርስ ተያያዙ። የሚያግዘኝ አንድ ሰው ጠፋ። የታናሹን ወገብ ይዤ ስጎትተው በክርኑ አፍንጫዬን አለኝ። ትሪውን ገልብጦ ስሪንጆቹን አንድ በአንድ በጫማው ጨፈለቃቸው። ጥበቃዎች 4፡20 ላይ ይዘውት፣ የፖሊስ መኪና እስኪመጣ መተላለፊያው ላይ ከብረት ወንበር ጋር አሰሩት።

የሞርፊኑ ካዝና የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሐኪሙ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቷል፤ ቁልፉ ደም ከነካው ጋዋኑ ጋር በእናንተ በፖሊሶቹ እጅ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ስጡኝ ብል ሰሚ አጣሁ። አዛውንቱ እስካሁን ያለማስታገሻ ይጮሃሉ። በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጩኸት አልሰማሁም፤ መተላለፊያው ድረስ ይሰማል።

5፡15 ላይ በመተላለፊያው ሳልፍ ታናሹ የታሰረበትን ወንበር እየጎተተ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ሲስተር፣ በእናትሽ፣ አምስቱንም ስጪው» አለኝ።

አንድም የለኝም አልኩት።

የተጻፈው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን፣ ሐሰት እንደሌለበትም አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። አሁን ቁልፉን ስጡኝ።

የምስክር ፊርማ ________
የመርማሪ ፊርማ ________