ከየትኛው ዓይናቸው ስር

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ፎቶ አንሺ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ፎቶ አቅፏል። አጠገቡ ያሉት እናት ጠየቁት።

“ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሚያልብህ፣ ልጄ?”

“የሟች ፎቶ ነው እማማ። ነገ አርባቸው ነው።”

“ታዲያ ምን ያስፈራሃል?”

“ታመው ተኝተው ሳለ ነው ያነሳኋቸው። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ፍላሹ ደግሞ ዓይናቸውን አመማቸው። ስለዚህ ብርሃን እንዲገባ ካሜራውን ብዙ ሰከንድ ከፍቼ አቆየሁት።”

“እሺ።”

“በዚህ ሙቀት እንዲያ ሲቆይ ካሜራው የሌለ ነጥብ ያመጣል። ፊታቸውን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ነጥብ ሞላው። ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ አጠፋሁት።”

“ደግ አደረግህ።”

“ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ደወለች። ‘ከእናቴ ዓይን ስር ያለችው ማርያም የሳመቻት ነጥብ በደንብ ወጥታለች?’ አለችኝ።”

“በስመአብ! አጠፋሃት?”

“አጠፋኋት። የመጀመሪያውንም ፎቶ አላስቀረሁም።”

“መልሰህ አታደርጋትም?”

“አደረግኋት እንጂ። ከቀኝ ዓይናቸው ስር።”

“በቀኝ ነበረች?”

“እንጃ፣ እማማ።”

እኔ ከኋላቸው ዓይኔን ጨፍኜ፣ የእናቴ ጠባሳ በየትኛው ቅንድቧ ላይ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት።