የተወገዘው ጥራዝ

ከዚህ በታች የምጽፈው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ ደረቀ ሙጫ ከላንቃዬ ይጣበቅ። ጠራዡ እውነት፣ ካርቶኑ እውነት፣ ድመቷ ሳትቀር እውነት። እኔ ትምህርቴን ከመንገድ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ውሸት ደግሞ የተናገሩትን ማስታወስ ይፈልጋል፤ ማስታወስ ቢሆንልኝማ ትምህርቱን መች አቆም ነበር?

ሰውየው መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ሙጫ» ይላቸዋል፤ አንድም ሙጫ ከጣታቸው ስለማይለቅ፣ አንድም እሳቸው ከያዙት ሐሳብ ስለማይለቁ። አርባ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ ሲጠርዙ አንዲት ገጽ ዘቅዝቀው ሰፍተው አያውቁም። ይህን ራሳቸውም አይረሱም፣ ሌላው ሰው እንዲረሳም አይፈቅዱም።

በዚያ ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ንባብ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። አንዲት እናት «ልጄ መጥረጊያ ላይ ተፈናጦ ‹ብረሪ!› ሲላት ያዝኩት፤ ከእናንተ መደርደሪያ የተማረው ነው» ብላ ከሳለች። ሽማግሌዎቹም ጠንቋይና አስማት ያለባቸው የልጆች መጻሕፍት ተለቅመው ሰኞ ጠዋት ለአሮጌ ወረቀት ሰብሳቢው ጋሪ እንዲሰጡ ወሰኑ። ለቃሚው ማን ይሁን ሲባል ዐይን ሁሉ ጋሽ ሙጫ ላይ ዐረፈ።

ጋሽ ሙጫ ለቀሙ። አላነበቡም፤ ለቀሙ። ልባዱ ላይ፣ ማለትም ሽፋኑ ላይ፣ በትር፣ ሾጣጣ ኮፍያ ወይም ኮከብ የተሳለበት ሁሉ ካርቶን ገባ። አንድ ምስኪን የሒሳብ መጽሐፍ ሳይቀር ኮከብ ተገኝቶበት አብሮ ተኮነነ። በጠቅላላው አርባ አንድ። ከእነዚህ አንዱን፣ «የነፋስ መርፌ» የሚባለውን፣ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ «ለልባድ መሙያ ይሆናል» ብለው ስፌቱን ፈትተው ከሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀሩት።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። «የነፋስ መርፌ»ን የልጅ ልጃቸው ሦስት ጊዜ አንብባው ለአራተኛ ተዘጋጅታ ነበር። ልጅቱ ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ከመዝለሏ ብዛት «ቁንጫ» ትባላለች። የአያቷ ዐይን ከደከመ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። መጽሐፉ ከተፈታበት ቀን ጀምሮ ግን ለአያቷ ማንበብም መናገርም አቆመች። «ቁንጫዬ» ሲሏት ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች። ጋሽ ሙጫ «ያልፍላታል» አሉ። ሳምንት ሞላ፤ ለሷም አላለፈላት፣ ለእሳቸውም አላለፈላቸው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን ጉዞ ጀመሩ። ከሱቃቸው ዐሥር እርምጃ ሳይርቁ የካርቶኑ ቂጥ ተበረገደና አርባው መጽሐፍ አንዲት ሴት እግር ሥር ተዘረገፈ። ሴቲቱ ንባብ ቤቱን የምትጠብቀው ወጣት መምህርት ነበረች፤ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሰንብታ ገና ከአውቶቡስ መውረዷ ነው። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሣች፣ ሌላውን አነሣች።

«ጋሼ፣ እነዚህ የኔ መደርደሪያ ልጆች አይደሉም እንዴ?»

«ነበሩ።»

«ካርቶኑን ያጣበቀው ማን ነው?»

ጋሽ ሙጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ያጣበቁት ከተከፈተማ እግዜር ነው የከፈተው።»

«አንቺ ልጅ፣ የእግዚአብሔርን ስም ለቀልድ አታንሺ።»

ይህን ሲባባሉ ካፊያ ጀመረ። በፍርድ ቢለያዩም መጽሐፍ ዝናብ እንዲመታው ሁለቱም አይወዱምና እያፈሱ ወደ ሱቁ ሮጡ።

ሱቁ ጠባብ ነው። በመስኮቱ በኩል ረጅም የሥራ ጠረጴዛ፣ ከሱ ላይ የሙጫ ጣሳ፣ ቡሽ ላይ የተሰኩ መርፌዎች፣ ገና ያልተሰፉ ጥራዞች። ጥራዝ ማለት ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ የሚሆን ወረቀት ነው፤ መጽሐፍ የሚሠራው ጥራዝ ከጥራዝ እየተሰፋ ነው። ጥግ ላይ በተቆለሉት የመዝሙር መጻሕፍት ላይ ድመቷ ተኝታለች። ይህች ድመት ከመንፈሳዊ መጽሐፍ በቀር ሌላ ላይ ተኝታ አታውቅም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ የቀልድ መጽሐፍ ላይ ቢያስቀምጣት ሦስት ቀን አስነጠሳት። ቁንጫ ከድመቷ አጠገብ ወረቀት ታጥፋለች።

መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ የተፈታውን «የነፋስ መርፌ» እያየች ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ጥፋታቸውን ይንገሩኝ።»

«ጥፋታቸውማ በሕግ የተጻፈ ነው። ጠንቋይ፣ አስማተኛ፣ መናፍስት ጠሪ በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ ነው። እኔ አላወጣሁትም።»

«ልክ ነዎት። እኔም ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው ባይ ቀድሜዎት እጮኻለሁ። ለልጅ እጣ ማውጣትና መንፈስ መጥራት የሚያስተምር መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ ካገኙ እኔው ራሴ ጋሪው ላይ እጭነዋለሁ። እነዚህ ግን ተረት ናቸው።»

«ተረት ተብሎ የሚገባ መርዝስ የለም? ልጅ የሰማውን ይመስላል። ዛሬ በተረት የለመደውን ጠንቋይ ነገ በደጁ ሲያገኘው ‹ደህና ዋልክ ወዳጄ› ይለዋል!»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። መምህርቷም አልሳቀችም።

«እሱስ ያሳስባል። ግን ጋሼ፣ ኢዮአታም በተራራ ላይ ቆሞ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ ብሎ ሲናገር ሰዎቹ ወደ ጫካ ሄደው ለወይራ ሰገዱ?»

«አልሰገዱም። ምሳሌ መሆኑን ያውቁ ነበር።»

«ነቢዩ ናታንስ ለዳዊት ስለ ድሃው ሰው በግ ሲነግረው በጓ ነበረች?»

«አልነበረችም። ግን ንጉሡን ‹ያ ሰው አንተ ነህ› ለመባል አበቃችው።»

«ያልነበረች በግ ንጉሥ ካስለቀሰች፣ ያልነበረች መርፌ ልጅ ብታስተምር ምን አለበት?»

«የነሱ ምሳሌ ከቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ያንቺ ከገበያ!» አሉና ጋሽ ሙጫ ጠረጴዛውን ቢመቱት የሙጫ ጣሳው ዘለለ። ድመቷ አንድ ዐይኗን ገልጣ መልሳ ጨፈነች።

መምህርቷ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። መጻሕፍቱን ስታፍስ የቦርሳዋ ማንጠልጠያ ተተርትሮ ነበርና መርፌ ለመነቻቸው። ጋሽ ሙጫ ከቡሹ ነቅለው፣ የተዘረጋ እጇን አልፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ወረቀት ስታጥፍ የቆየችው ቁንጫ ቀና አለች።

«እትዬ፣ አባባ መርፌ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጡም። ጸብ ያመጣል ይላሉ።»

ጋሽ ሙጫ ቀሉ። «እሱ... እሱ የሙያ ደንብ ነው! አሠሪዬ የነበሩት...»

«ጋሼ» አለች መምህርቷ ክሩን በምራቋ እያሾለች፣ «የንባብ ቤቴ ልጆች ስለ አስማት መርፌ ያነባሉ፤ አንዳቸውም ግን አያምኑባትም። እርስዎ አያነቡም፤ ግን ያምኑባታል።»

መልስ ያጣ ሰው ወይ ይቀበላል ወይ ይቆጣል፤ ጋሽ ሙጫ ተቆጡ። «ሰኞ ጋሪው ይመጣል! አለቀ!» አሉ። እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እጅ ነስታ ወጣች። እሳቸው ንዴታቸው ሳይበርድ ለእሑድ የሚደርሰውን «የመልካም ልጆች መንገድ» የተባለ የምክር መጽሐፍ መስፋት ጀመሩ። በደከመ ዐይን ላይ ንዴት ሲጨመር እጅ የሚያደርገውን አያውቅም።

እሑድ የልጆቹ ትምህርት ክፍል ግጥም ብሎ ሞላ። ጋሽ ሙጫ አዲሱን መጽሐፍ አምጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ መምህርቷ ከኋላ። አንባቢዋ እንደ ወትሮው ቁንጫ ናት፤ ከአያቷ ብትኳረፍም ከንባቡ አልተኳረፈችም። ስለ ሰላምታ አነበበች፣ ስለ ጫማ ማጽዳት አነበበች። ልጆቹ አዛጉ። አንዱ የጎረቤቱን የጫማ ክር ከወንበር እግር ጋር ያስራል።

ከዚያ አንድ ገጽ ገለጠችና ቆመች። አያቷን አየች። መምህርቷን አየች። ከንፈሯን ነክሳ ቀጠለች።

«‹መርፌዋ የተቀደደውን ሁሉ ትሰፋ ነበር። ያን ቀን ግን ክፉይቱ ሴት ለልጅቱ እንዲህ አለቻት፦ ያቺ ጓደኛሽ ስምሽን በሰፈሩ ሁሉ አጥፍታለች። በዚህች መርፌ አፏን ስፊው። ማንም አያይሽም፤ ደግሞም እውነትሽን ነው።›»

የጫማ ክር የሚያስረው ልጅ እጁን ሰበሰበ። ቁንጫ አነበበች፤ ልጅቱ ክሩን ስታስገባ፣ የጓደኛዋ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ፣ እጇ ሲዝል። «‹መርፌዋን ለሁለት ሰበረቻት። ከዚያን ቀን ወዲያ የራሷን ቀሚስ እንኳ በተራ መርፌ፣ ጣቷን እየወጋች ሰፋች። ግን ተኝታ ታድር ነበር።›»

ጋሽ ሙጫ ብድግ አሉ። ዐይናቸው እርጥብ ነው።

«ሰማችሁ ልጆች? ያቺ መርፌ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ኃይል ናት! በሰው ላይ ያገኘነው ኃይል! በቀል በእጃችን ሲገባ የሰበርነው ለታ ነው ክርስቲያን የሆንነው! መጽሐፍ ማለት እንዲህ ነው፤ እንደዚያ ካርቶን ሙሉ ጉድ አይደለም! ቀጥይ ልጄ፣ ከዚያስ ምን ሆነች?»

ቁንጫ ገጹን ገለጠች። «‹ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ጥርሳችሁን ጠዋትና ማታ አጽዱ።›»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ጋሽ ሙጫ መጽሐፉን ተቀበሏት። ፊደሉ አልታያቸውም፤ አውራ ጣታቸው ግን አርባ ዓመት የሠራ አውራ ጣት ነው። ገጹን አሸት አደረጉት። ወፍራም ነው። የቀደመውን አሹ። ቀጭን ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይህ ጥራዝ...»

«የነፋስ መርፌ ነው፣ አባባ» አለች ቁንጫ። ከሳምንት በኋላ ለአያቷ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሦስቱም ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙጫ የምክር መጽሐፉን ልባድ በቢላ ከፍተው በስሕተት መሙያ ያደረጉትን የምክሩን ጥራዝ አወጡት። ቁንጫ ርዕሱን አነበበችላቸው፦ «ሥራህን ተጠንቅቀህ ሥራ።»

«ይበለኝ» አሉ። ወደ መምህርቷም ዞሩ። «እንደው አንቺ ልጅ፣ ዓርብ ዕለት ይህንኑ ብታነቢልኝ ምን እል ነበር?»

«‹ጥንቆላ ነው፣ ዝጊው› ይሉ ነበር» አለች መምህርቷ።

«እል ነበር። ልባዱ ቢለወጥ ጆሮዬ ተለወጠ። ለካ ስፈርድ የኖርኩት በልባድ ነው። ያውም ልባድ ሠሪው እኔ ሆኜ፣ ልባድ ውስጥ ምን እንደሚጠቀጠቅ እያወቅሁ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግን ፍርሃቴ ከንቱ ነው እንዳትዪኝ።»

«አልልም፣ ጋሼ። ፍርሃትዎ ከልጅቱ አጠገብ ይቀመጥ። አብረዋት ያንብቡ። ጠንቋይቱ ስትመጣ ‹ይቺ ምን ፈለገች?› ብለው ይጠይቋት። ልጅ ክፉን በተረት ሳለ ካላወቀው፣ በደጁ ሲመጣ በምን ይለየዋል? የማይሆነውን መጽሐፍም እንግዲህ አንብበን እናስቀር፤ ሥዕል አይተን አይደለም።»

«መጥረጊያ የጋለበውስ ልጅ?»

«ወደቀ እንዴ?»

«ጉልበቱን ተላጠ።»

«እንግዲያው መጥረጊያ እንደማይበር ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።»

ጋሽ ሙጫ ሳይወዱ ሣቁ።

ሰኞ ጠዋት ከጋሪው በፊት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዱ። አርባ ዓመት ያልተሳሳተ እጃቸው መሳሳቱን፣ ሳያነቡ መፍረዳቸውንም በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ይህ ለእሳቸው ጥርስ ከማስነቀል ይብስ ነበር። የሽማግሌዎቹ ሊቀ መንበር በምትኩ የትኛው ደንብ ይሁን ቢሏቸው፣ «ያላነበበ አይፍረድ፤ ያነበበ ከልጁ ጋር ይነጋገር» አሉ። ተወሰነም። ጋሪው ሰኞ የጫነው የወረቀት ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

የለውጡን ጥቅም አንባቢ በዐይኑ ይየው፦ ከሳሺቱ እናት ዛሬ ለልጇ ራሷ ታነባለች፤ ተረቱ የት ላይ እንደሚያልቅና ጸሎቱ የት ላይ እንደሚጀምር ልጁ ከእናቱ አፍ ለየ። አንድ ኮሮጆ ሙሉ የእጣ ማውጫ ደብተር ከገበያ ሊገባ ሲል ያስቀረችው ያቺው መምህርት ናት፤ አንብባ ነው ያስቀረችው። የሒሳብ መጽሐፉም ከነኮከቡ ነጻ ወጣ፤ በዚህ ብቻ ልጆቹ ቅር አላቸው።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት ጋሽ ሙጫ «የነፋስ መርፌ»ን እንደገና መጠረዝ ጀመሩ። ቁንጫ አጠገባቸው ቆማ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ታነብላቸዋለች።

«አባባ፣ የመጨረሻውን ጥራዝ እኔ ልስፋው?»

ጋሽ ሙጫ መርፌዋን ከቡሹ ነቀሉ። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ጠረጴዛው ዘንበል አለ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰና መርፌዋን በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖራት። ጸብ አልመጣም። የመጣው ምዕራፍ ሁለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ድመት አልነበረችም። ድመት ክር ስለምታወሳስብ ጋሽ ሙጫ ደጃቸው አያስደርሷትም። የመዝሙሩም ክምር፣ ሦስት ቀን ማስነጠሷም የኔ ፈጠራ ነው። እስካሁን ካመናችኋት ግን እስቲ ራሳችሁን ፈትሹ፤ የተጎዳ አካል ካለ ጋሽ ሙጫ ዘንድ ይሂድ፣ ይሰፉለታል።