ቤተ ክርስቲያን ስታይ የምትቆመው መኪናዬ

ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ከቢቸና ሞጣ የምመላለስባት ርካሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቤተ ክርስቲያን ባየች ቁጥር ቀጥ ትል ነበር። መመሪያዋ በቻይንኛ ነው። እኔ ደግሞ ሬዲዮ ስለምጠግን መኪና አያቅተኝም ብዬ ሁለት ጊዜ ፈታታኋት። ስገጣጥማት የተረፉኝን አራት ብሎኖች በኪሴ ይዤ፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ችግሩ ባትሪው መሆኑን አስረዳ ነበር። ሲያቅተኝ ግን የመንፈስ ነገር ቢሆንስ ብዬ ጎረቤታችንን ቄሱን ጠበል እንዲረጩልኝ ለመንኋቸው።

«መጀመሪያ ስትቆም ልያት» አሉና ጠበሉን ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ሞጣ መግቢያ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታየኝ፣ እንደ ልማዴ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ አማተብሁ። መኪናዋ ቆመች።

«ይኸው አባ፣ አዩልኝ?»

«አየሁ። እስቲ ንዳትና አሁን ቁጭ ብለህ ተሳለም።»

ቁጭ ብዬ ተሳለምሁ። መኪናዋ ምንም ሳትል ቤተ ክርስቲያኑን አልፋ ሄደች። ለካ ነጂው ከወንበሩ ከተነሳ እንድትቆም ተደርጋ የተሠራች ናት።

አፍሬ «እንግዲህ ጠበሉ ይቅር፣ አባ?» አልኋቸው።

«ለምን ይቀራል?» አሉና እኔኑ ረጩኝ።