ከምጽዋ የመጣው ዓሣ

ከዳንግላ ወደ ኢንጅባራ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት እማማ አንጓችና ከምጽዋ ለዕረፍት ሲመጣ ዳንግላ የተቀበሉት መርከበኛ ልጃቸው ዓለሙ ነበሩ።

«እማዬ፣ ያ ባለፈው ዕረፍቴ ትቼልሽ የሄድሁት እባብ የሚመስለው ዓሣዬስ?»

«ለመደኝ እኮ! ሥጋ ከእጄ ይበላል። የተጣላነው በጾም ብቻ ነው።»

«በጾም እንዴት?»

«እኔ ስጾም እሱ ይበላላ!»

«በጀሪካን ባመጣሁልሽ የባሕር ውኃ ቀየርሽለት?»

«ደፋሁት። ብቀምሰው ጨው ብቻ! አንጀቴን በላኝና ከዘንገና ሐይቅ ጥሩ ውኃ አስቀድቼ ሞላሁለት።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ያለ ጨው...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ከትናንት ወዲህ አይንቀሳቀስም። ዓለሜ፣ ገደልሁት እንዴ?»

«ኧረ የለም! ሳመጣውም አርጅቶ ነበር።»

«እፎይ! እንግዲያስ ነፍሱን ይማር።»

ልጆቼን ለአንዲት ውሸት የምገርፍ አባት፣ በልቤ «አሜን» አልሁ።