መንገዱ ሲዘጋ ለማን ተነገረ?

ሐሙስ ጠዋት የተሳፈርንበት ሚኒባስ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመና ሹፌሩ፣ «ከዚህ ወዲያ አይታለፍም፤ ውረዱ» አለን። ለምን እንደማይታለፍ እሱም አያውቅም። ከፊታችን አስፋልቱን የሞላ ሰልፈኛ ቆሟል። ወርጄ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ሰልፉ ስለ ውሃ ነው አለኝ፤ ሌላው ስለ ታክሲ ታሪፍ ነው አለ፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ደግሞ፣ «እንግዳ ሊያልፍ ነው መሰለኝ» አለች። ከላይ የቆመው ፖሊስ ወደ ታች ተመለሱ ይላል፤ የታችኛው ወደ ላይ ውጡ ይላል። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን የማደርገው ጠፋኝ።

ወዲያና ወዲህ ስል ጎረቤቴን ጋሽ ሀብተማርያምን አየኋቸው። በሃምሳ አለቅነት ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገበያነሽን በአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀምጠው ደግፈዋቸዋል። ወይዘሮ ገበያነሽ አስም አለባቸው፤ ደረታቸው እንደ ወናፍ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣህ!» አሉኝ። «ዘነበወርቅ ሆስፒታል ላደርሳት ወጥቼ ይኸው እዚህ ቀረሁ። የምትነፋው መድኃኒት አልቆባታል። እነዚህ ሥራ ፈቶች መንገድ ዘግተው እሷ ትሙትብኝ?»

ወይዘሮ ገበያነሽን ይዤ ቀረሁ። ጋሽ ሀብተማርያም በሬዲዮ ወደምትነጋገር አንዲት ወጣት መኮንን ሄደው ይዘዋት መጡ። ኢንስፔክተር ፅዮን ትባላለች። የታማሚዋን ሁኔታ አየችና ወዲያው አምቡላንስ ጠራች።

«በየት በኩል ይመጣል?» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም። «ልጄ፣ እኔም በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት አገልግያለሁ። ይህን ሕዝብ ገለል የሚያደርገው ዱላ ብቻ ነው። አንድ ረድፍ ፖሊስ አሰልፊና ግፉ በያቸው!»

«አባቴ፣ ወዴት ልግፋቸው?» አለች ፅዮን በትሕትና። «በግራ ግንብ አለ፤ በቀኝ ቦይ አለ። የሚሸሽበት ያጣ ሰው ተመልሶ የሚመጣው በእኛና በእማማ ላይ ነው።»

«በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍልስፍና አልነበረም። ታዘዝን፣ በተንን፣ አለቀ።»

«የዛሬዎቹ ስለ ውሃ ሊናገሩ የወጡ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አስቀድመውም አሳውቀዋል። ጥፋቱ የእኛም ነው። ጠዋት የሰልፉን መንገድ ስንቀይር ለታክሲዎቹም ለነዋሪውም አልነገርንም። ግራ የተጋባ ሰውን ጥፋተኛ ብዬ አልመታም።»

ጋሽ ሀብተማርያም ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ከወደ ማዞሪያው አንድ ነገር ጓ! ብሎ ፈነዳ። «ተኩስ ነው!» አለ አንድ ድምፅ። ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ ደራሽ ውሃ ወደ እኛ ዞረ። ጫማ ወለቀ፤ ሴቶች ጮኹ። እኔ ወይዘሮ ገበያነሽን በጀርባዬ ከለልኩ፤ ሌላ የማደርገውን አላወቅሁም። ጋሽ ሀብተማርያም፣ «በትር! በትር አውጡ!» እያሉ ይጮሃሉ። አንዳንድ ፖሊሶችም እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ።

ፅዮን በሬዲዮዋ የተነገራትን ሰምታ፣ እንዲያቆሙ እጇን ወደ ፖሊሶቹ አነሳችና ከአንዱ ድምፅ ማጉያ ተቀበለች።

«የፈነዳው የመኪና ጎማ ነው! ተኩስ የለም! ማንም አይነካችሁም። ከፊት ያላችሁ ቁሙ፤ ከዚያ ባላችሁበት ተቀመጡ! እዚህ መተንፈስ ያቃታቸው እናት አሉ፤ ለአምቡላንስ መንገድ ስጡን!»

ደግማ ደጋግማ ተናገረች። የሰልፉ አስተባባሪዎችም፣ በደረታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰሩ ሰዎች፣ ቃሏን እየተቀባበሉ ወደ ኋላ አደረሱት። በመጀመሪያ የፊተኞቹ ቆሙና ተቀመጡ፤ ቀጥሎ የመሐሎቹ። ሲጮህ የነበረው ሕዝብ ራሱ በመሐሉ ጎዳና ከፈተ። አምቡላንሱ እኛን ጭኖ ሲያልፍ «በርቱ እማማ!» እያሉ ሸኙን።

ጋሽ ሀብተማርያም፣ ሆስፒታል ደርሰን የወይዘሮ ገበያነሽ ትንፋሽ ሲመለስ፣ «መምህር፣ እኔ አልገባኝም። ማንም ሳይመታ ሕዝቡ እንዴት ቆመ?» አሉኝ።

«ምን እንደሆነ ስለተነገረው ይመስለኛል» አልኳቸው። መልሴ ለእኔም ቀላል መሰለኝ። ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ አለማወቄ እንጂ ሰልፈኛው አልነበረም።

በሳምንቱ የሰፈሩ ሰዎች ስለ ውሃው ሊወጡ ስላሰቡት ሁለተኛ ሰልፍ ዝግጅት በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አስተባባሪዎቹ፣ ፖሊሶቹና የሰፈሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጋሽ ሀብተማርያም እጃቸውን አወጡ።

«መንገድ ሲዘጋ ለማን ይነገራል?» ብለው ጀመሩ። «ለታክሲ ሹፌር በዋዜማው ይነገር። አምቡላንስ የሚያልፍበት አንድ ጎን ክፍት ይሁን። ሰው ከጠዋት እስከ ቀትር ሲቆም ይጠማዋል፣ ይሸናል፤ ውሃና መጸዳጃ ይዘጋጅ። ፖሊሱ ሁሉ አንድ ቃል ይናገር። ይህ ከተደረገ በሽተኛው ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል፤ ነጋዴው ሱቁን አይዘጋም፤ ሰልፈኛው ያለውን ብሎ በሰላም ይገባል፤ ፖሊሱም እጁን ሳያቆሽሽ ያድራል።»

አንድ አስተባባሪ ፈገግ ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ የድሮ ፖሊስ ነዎት ይባላል። ይህን ማን አስተማረዎት?» አላቸው።

ጋሽ ሀብተማርያም ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በወጣትነቴ እዚሁ ማዞሪያው ላይ አንድ ሰልፍ በትኛለሁ። በትነህ ና ተባልኩ፤ መታሁ። ሕዝቡ ሲሸሽ አንዲት ልጅ ቦይ ውስጥ ወድቃ ተረገጠች፤ እግሯ ተሰበረ። ‹በየት በኩል ልሂድ?› እያለች ጠየቀችኝ። እኔም አላውቅም ነበርና አለፍኳት። ባለፈው ሐሙስ ይህቺ መኮንን ሕዝቡን አስቀምጣ መንገዱን ስታስከፍት ነው የልጅቷ ጥያቄ የገባኝ። የዚያችን ልጅ ስም እንኳ አልጠየቅሁም።»

ኢንስፔክተር ፅዮን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄደችና የሰልፉን መንገድ የሚያሳየውን ካርታ ከፊታቸው ዘረጋችላቸው። «አባቴ፣ ቦዩን ያሳዩን» አለች።

ጋሽ ሀብተማርያም መነጽራቸውን አጠለቁና ጎንበስ አሉ።

«እዚህ ጋ» አሉ፤ «እዚህ መንገድ የሚያሳይ ሰው አቁሙ።»